አዲሱ የዳን ብራውን ልቦለድ ወይስ «ኦሪጅን»? ለድሬና ለሐረር ገዢዎች

ገንዘብዎ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ከበቃ ምርጫው የሚወሰነው ደራሲውን በማወቅዎ ነው። ዳን ብራውንን አንብቦ የማያውቅ «ኦሪጅን»ን ይግዛ። የልቦለዶቹን ዋና ገጸ ባሕርይ ሮበርት ላንግደንን ከድሮ የሚያውቅ አዲሱን «ዘ ሲክሬት ኦፍ ሲክሬትስ»ን ይውሰድ።

አዲሱ የወጣው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ከ«ኦሪጅን» ስምንት ዓመት ያህል ቆይቶ። ታሪኩ የሚሄደው የቼክ ዋና ከተማ ፕራግ ላይ ነው። ካተሪን ሰለሞን የምትባል የንቃተ ህሊና ተመራማሪ ትጠፋለች፤ ያልታተመው የመጽሐፏ ረቂቅም ከአሳታሚው ኮምፒውተር ላይ ይሰረዛል። አጀማመሩ እጅግ ግሩም ነው። ላንግደን በማለዳ ቻርለስ ድልድይ ላይ ባለ ሹል ዘውድ፣ ጦር የያዘች ሴት ያያል፤ ካተሪን ሌሊቱን በሕልሟ ያየቻት ያችው ሴት ናት። ደንግጦ ወደ ሆቴሉ ይሮጣል፣ የእሳት አደጋ ደወሉን ያስጮኻል፣ በመስኮት ዘሎ በረዶ የመሰለው ወንዝ ውስጥ ይገባል። እዚህ የደረሰ አንባቢ መጽሐፉን አያስቀምጥም።

በአይሁድ አፈ ታሪክ ከጭቃ በተሠራው ፍጡር ስም ጎለም የሚባለው ገጸ ባሕርይም ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። ግንባሩ ላይ ያለው የዕብራይስጥ ቃል «ኤሜት»፣ እውነት ማለት ነው። በአፈ ታሪኩ የመጀመሪያው ፊደል ሲፋቅ «ሜት» ይቀራል። አማርኛ የሚናገር ሰው «ሞተ»ን ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል።

ችግሩ መሃሉ ላይ ነው። ስለ አንጎል የሚሰጠው ረጅም ማብራሪያ ሩጫውን ደጋግሞ ያቆመዋል፤ ባለ ጠንካራ ሽፋኑ ከ650 ገጽ በላይ ስለሆነ መቶው ቢቀነስለት ይሻለው ነበር። ምዕራፎቹ ግን አጫጭር ናቸው። ድሬ በቀትር ሱቅ ዘግቶ ሲያርፍ በቀን 40 ገጽ ያነበበ በ17 ቀን ገደማ ይጨርሰዋል።

«ኦሪጅን» (እ.ኤ.አ. 2017) ስፔን ላይ ነው። ኤድመንድ ኪርሽ «ከየት መጣን? ወዴት እንሄዳለን?» ለሚለው መልስ አገኘሁ ብሎ ቢልባኦ ከተማ ባለው ጉገንሃይም ሙዚየም ውስጥ ሊያበስር ሲል ይገደላል። ዊንስተን የተባለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላንግደንን በጆሮ ማዳመጫ ይመራዋል። ጥያቄው አንድ ስለሆነ እንግሊዝኛው የሚከብደው አንባቢ እንኳ ክሩ አይጠፋበትም። መጨረሻ ላይ የሚመጣው መልስ ግን የተጠበቀውን ያህል አያስደንቅም።

አዲሱ ብቻውን ይነበባል። የካተሪንና የላንግደን ቅርበት ከምን እንደመጣ ማወቅ የፈለገ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን «ዘ ሎስት ሲምቦል»ን ያስቀድም፤ እሷ የገባችው እዚያ ነው።

ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ቅጂ አንመክርም። ከደራሲው መብት ሌላ፣ ይህን የሚያህል ወፍራም መጽሐፍ ሳይሰፋ በማስቲሽ ብቻ ሲያዝ የድሬ ሙቀት ማስቲሹን ሊያላላው ይችላል፤ ሐረር ላይ ደህና የነበረው ድሬ ሲወርድ ከወገቡ ሊከፈል፣ ቅጠሉም ሊረግፍ ይችላል። ያገለገለ ኦሪጅናል «ኦሪጅን» ከአዲሱ ኮፒ ይሻላል። በስልክ ማንበብ ለለመደ ደግሞ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ የኤሌክትሮኒክ ቅጂ ለአዲሱ መጽሐፍ ይጠቅማል፤ ስለ አንጎል የሚነሱትን ከባድ ቃላት ነክቶ ፍቺያቸውን ማየት ይቻላል።

ያገለገለ ሲገዙ ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት መሃሉን 180 ዲግሪ ሳይሆን ግማሽ ያህል ከፍተው ማስቲሹ ይሰነጠቅ እንደሆነ ያዳምጡ። የገጽ ቁጥሩን በየ50 ገጹ ይመልከቱ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ መኖሩን ደግሞ ሳያነቡት ያረጋግጡ።