ውኃ ውስጥ የሚቀረውን ሳታዩ አትክፈሉ፦ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ጀልባ ላላችሁ ወገኖች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ ለብቻችሁም ሆነ እንደ እኛ ከወዳጆቻችሁ ጋር የዕቁብ ገንዘብ አዋጥታችሁ የሸራ ጀልባ የገዛችሁ ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። እስኪበርድልኝ ብጠብቅ በመካከሉ ሌላ ሰው በዚሁ ወጥመድ ሊገባ ይችላል። በዚህ ሳምንት ጀልባችን ከውኃ ስትወጣ ያየነው ዓይን ያወጣ ሌብነት ነው። በፀደይ ለአንድ የጀልባ ማደሻ ግቢ 2,400 ዶላር ከፍለን «ሆዷ በሙሉ ተፍቆ፣ ሁለት እጅ መዳብ ያለበት ቀለም ተቀብታለች» የተባልንላት ጀልባ፣ ከውኃ መስመሩ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ካለ በኋላ አዲስ ቀለም የሚባል ነገር ጨርሶ አልነካትም።

የእነዚህን ሰዎች ዓይነት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስልክ ይደውሉና ወረፋው እየሞላ እንደሆነ ይነግሯችኋል፤ ዋጋውን በጀልባዋ ርዝመት በፉት አስልተው ግማሹን ቀብድ ይቀበላሉ፤ ከሜሞሪያል ደይ በፊት ውኃ ውስጥ ትገባለች ብለው ቃል ይገባሉ። ቀለሙ የሚቀባበት ሰሞን ሲደርስ «ኢንሹራንሳችን ደንበኛ ሥራው ቦታ እንዲገባ አይፈቅድም» ይላሉ። ከዚያ በኋላ የምትሰሙት ጀልባዋ ተንሳፍፋ እየጠበቀቻችሁ መሆኑን ብቻ ነው። እኛም የተጠራነው እንደዚሁ ነበር። ከመድረኩ ላይ ሆነን ያየነው በውኃው መስመር ዙሪያ የሚያብረቀርቅ፣ እንከን የማይወጣለት ጥቁር ቀለም ነው። ቀሪውን ሒሳብ ከፍለን፣ አመስግነን ወጣን።

ጉዳዩ ለጌጥ የሚቀባ ቀለም ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ፤ ይህ ቀለም የሚቀባው ባርናክል እንዳይጣበቅ ነው። ባርናክልን ያላያችሁ ካላችሁ፣ ነጭ፣ ሾጣጣ፣ አፉ እንደ ስለት የሚቆርጥ ቅርፊት ያለው የባሕር ፍጥረት ነው፤ ብዙ ሰው የቀንድ አውጣ ወገን ይመስለዋል እንጂ የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመድ ነው። እጩ፣ ማለትም ገና የተፈለፈለው ግልገሉ፣ ውኃ ውስጥ እየተንሳፈፈ ብዙ ጊዜ ቆዳውን ከለወጠ በኋላ፣ ከእንግዲህ ምንም የማይመገብበትና ተግባሩ የሚጣበቅበትን ቦታ መፈለግ ብቻ የሆነበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ጠንካራ ነገር ሲያገኝ በጭንቅላቱ በኩል ሙጫ አውጥቶ ይለጠፋል፣ በዙሪያው የኖራ ግድግዳ ይሠራል፣ ዕድሜ ልኩንም ከዚያ አይነሳም። በቼሳፒክ ይህ የሚሆነው ውኃው ከሚሞቅበት ከፀደይ መጨረሻ እስከ መኸር ነው፤ ዝናብ ባነሰበት ዓመት ደግሞ ውኃው ይበልጥ ጨዋማ ስለሚሆን ባርናክሉ ይበረታል።

ይህን የሚከለክለው ቀለሙ ውስጥ ያለው መዳብ ነው። የመዳብ ኦክሳይዱ ቀስ በቀስ እየሟሟ ከጀልባዋ ገጽ አጠገብ ያለችውን ስስ የውኃ ሽፋን ለእጩ መርዝ ያደርግበታል። የመዳብ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የጦር መርከብን ሆድ በመዳብ ንጣፍ አልብሶ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1761 ነው። ከመዳብ ይበልጥ ኃይለኛ የሆነና ከቆርቆሮ ውሕድ የሚሠራ ቀለምም ነበር፤ ነገር ግን ኦይስተሮችንና ሌሎች የባሕር ፍጥረታትን ክፉኛ ስለጎዳ፣ አሜሪካ በ1988 እንደ እኛ ባሉ ትናንሽ ጀልባዎች ላይ እንዳይቀባ በሕግ ከለከለች፤ ዓለም አቀፉ እገዳም በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። ስለዚህ ለአብዛኞቻችን የቀረው መከላከያ መዳብ ነው። መዳቡን ቀባን ብሎ ያልቀባ ሰው ጀልባችሁን ለሙሉ አንድ የበጋ ወቅት ራቁቷን ሰጥቷታል ማለት ነው።

እውነቱ መታየት የጀመረው በጁላይ ነው። በደህና ነፋስ ስድስት ኖት (የባሕር ፍጥነት መለኪያ ነው) ትሄድ የነበረች ጀልባ ግማሹን ያህል ለመሄድ ተቸገረች፤ ቶማስ ፖይንት ከሚገኘው የመብራት ቤት አጠገብ ደግሞ ነፋሱ ሲጠፋ ሞተር ብናስነሳ፣ የሙቀት ማስጠንቀቂያው ይጮህ ጀመር። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ በባርናክል ተደፍኖ ነበር። ልጆች ይዘን ነበር የወጣነው። በስንት ጭንቅ ተመልሰን ወዲያውኑ ወደዚያው ግቢ ደወልን፤ ጀልባዋን የምታወጡበትን ዋጋ በቅድሚያ ክፈሉ ተባልን፤ ከፈልን።

አሁን የምነግራችሁን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ። ጀልባዋ በሁለቱ ሰፋፊ ቀበቶዎች ተንጠልጥላ ስትወጣ ከኪሏ (ከሆዷ ሥር ወደ ታች ከወጣው ክንፍ መሰል ክፍል) ጫፍ እስከ መሪዋ ነጭ ሆና ነበር። ፕሮፔለሯ ፕሮፔለር መሆኑ አይለይም። ተቀይሯል ተብሎ ያስከፈሉን፣ ሌላው ብረት እንዳይበላ በምትኩ የሚበላው ዚንክም ተበልቶ ያለቀ አሮጌ ጉማጅ ነበር። የሚያጥበው ወጣት ሠራተኛ የግፊት ውኃውን ቱቦ አንስቶ ሊጀምር ሲል፣ ከመካከላችን በዕድሜ ታላቅ የሆኑት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው በእጃቸው አስቆሙት። ጋሼ በወጣትነታቸው ምጽዋ በባሕር ኃይል ያገለገሉ ናቸው፤ በቀይ ባሕር ሙቀት የመርከብ ሆድ ሲፍቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ስፓቱላ ተቀበሉና ከኪሉ ጎን፣ ገና እርጥብ እያለ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ባርናክል ከሥሩ ፈነቀሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዘረጉልኝና «ልጄ፣ እስቲ ገልብጠህ እየው» አሉኝ።

ገለበጥኩት። የባርናክሉ መቀመጫ ክብ፣ ነጭ የኖራ ሰሌዳ ነው፤ ከሰሌዳው ላይ የተጣበቀው ብናኝ ቀይ ነበር። ከጀልባዋ ላይ የተነሳበትን ቦታ አየሁት፤ እሱም ቀይ ነው። ቀይ የቀድሞው ባለቤት ከዓመታት በፊት የቀባው ቀለም ነው፤ እኛ ያዘዝነውና ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ጥቁር ነው። ሌላ አነሳን፣ ቀይ። ከመሪው ላይ አነሳን፣ ቀይ። ከኪሉ ሥር አነሳን፣ ቀይ። ከዚያ ዓይናችንን ወደ ላይ ከፍ ስናደርግ ጥቁሩ ቀለም ከውኃው መስመር አንድ ስንዝር ወርዶ፣ የሮለሩ ጠርዝ በግልጽ እየታየ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ለመንገደኛ ዓይን ተብሎ ፊት ለፊቱ ብቻ እንደተለሰነ ግድግዳ። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል የተባለው አሮጌ ቀለምም የፍቀት ምልክት የለበትም፤ እንደተላላጠ እንዳለ ነው።

ባርናክል አንዴ ከተጣበቀ የማይነቃነቅ በመሆኑ፣ ከመቀመጫው መካከል ሥር የታሸገው ቀለም የተጣበቀበት ቀን የነበረው ቀለም ነው። ጀልባዋ ውኃ ውስጥ የገባችው በሜይ ነው፤ ባርናክሎቹ የተጣበቁት ከዚያ በኋላ ነው። ጥቁር ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ከሥራቸው የምናገኘው ጥቁር ነበር። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

ያን ማስረጃ በእጄ ይዤ ቢሮ ገባን። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ አልተነሳም። ባርናክሉን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ በወረቀት ጫፍ ገፋ አደረገውና ዓይኑን ወደ ኮምፒዩተሩ መለሰ። ቀለሙ እየሟሟ የሚያልቅ ዓይነት እንደሆነ፣ ሥራውን ሠርቶ እንዳለቀ፣ ጀልባ ከቆመች ደግሞ ባርናክል መያዟ እንደማይቀር ነገረን። እየሟሟ የሚያልቅ ቀለም ቀድሞ የሚሳሳው ውኃው በኃይል በሚያሻሸው ቦታ ነው፤ በውኃው መስመር፣ በኪሉና በመሪው የፊት ጠርዝ። የእኛ ግን በውኃው መስመር ላይ ያለው ሙሉ ሆኖ ውኃው ተኝቶ የሚውልበት የኪሉ ጎን ነው ባዶ የሆነው። ይህን በትሕትና አስረዳነው። መልስ አልሰጠም። ጋሼ አብሮን ወርዶ በዓይኑ እንዲያይ ለመኑት፤ አዎ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ለመኑት። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያቸውና «ለመሆኑ ከዚህ በፊት ጀልባ ኖሯችሁ ያውቃል?» አለ።

አንጀቴ አረረ። ገንዘቡ ይመለሳል ወይም አይመለስም፤ ያቺ ንግግር ግን አትወጣልኝም። ሰውየው ባሕር ላይ ያደጉ ናቸው ልለው ፈለግሁ፤ ጋሼ ክንዴን ይዘው አወጡኝ። ከኋላችን የሰማነው ለሌላው ሠራተኛ የተናገረውን ነው፤ ጀልባዋ ከቀበቶው ወርዳ ግቢ ውስጥ ስለምትቆም የእያንዳንዱን ቀን ኪራይ መቁጠር እንዲጀምር። ይኸው እስከ ዛሬ እየቆጠረብን ነው።

የፈጠሩብን ጉዳትም በቀላሉ የሚነሳ አይደለም። ባርናክሉ እንደወጣ፣ ሳይደርቅ፣ በፕላስቲክ መፋቂያ ሲፋቅ ግድግዳው ይወድቃል፤ ክቡ የኖራ መቀመጫው ግን ተጣብቆ ይቀራል፤ በላዩ ላይ ቢቀቡበት አዲሱ ቀለም አብሮት ይላቀቃል። ያንን ማንሳት ወይ በጥንቃቄ በውኃ እያራሱ መፈግፈግ፣ ወይ ኖራውን በቀጭን አሲድ ማሟሟት ይጠይቃል። የአሮጌው ቀለም ብናኝ መርዛማ ስለሆነ ያለ ጭምብል መተንፈስም ሆነ ወደ ባሕረ ሰላጤው መልቀቅ አይገባም። እኛ ይህን ሥራ አሁን ሌላ ቦታ ወስደን እንደ አዲስ እንከፍልበታለን፤ የቀረውም የመርከብ ወቅት ያልፋል።

ደረሰኙን ቤት ወስጄ ደግሜ ሳነበው ማጭበርበሩ ከወረቀቱ ላይም ይነበባል። የጀልባዋ ርዝመት 30 ፉት፣ ስፋቷ 10 ፉት ነው፤ ሁለቱ ተባዝተው በ0.85 ሲባዙ የሆዷ ስፋት 255 ስኩዌር ፉት ገደማ ይመጣል፤ ሁለት እጅ ሲቀባ ከ500 ይበልጣል። አንድ ጋሎን ቀለም አብዛኛውን ጊዜ 400 ስኩዌር ፉት ገደማ ነው የሚሸፍነው። እነሱ ደረሰኙ ላይ ያሰፈሩት አንድ ጋሎን ነው። እሱንም ቢሆን ለእኛ ጀልባ አላዋሉትም።

ከባንክ ካርዱ ኩባንያ ጋር ክርክር ጀምረናል፤ ለሜሪላንድ ዋና ዓቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍልም አቤቱታ እያዘጋጀን ነው። እናንተ ግን እዚህ ሳትደርሱ፣ ቀለሙ በሚቀባበት ቀን ካላያችሁ ቀሪውን ሒሳብ አትክፈሉ። የመጀመሪያው እጅ ከሁለተኛው በተለየ ቀለም እንዲሆን በጽሑፍ አስፍሩ፤ መርከበኞች ከጥንት የሚያደርጉት ነው፣ ምን ያህል እንደተቀባና እንደሳሳም ወዲያው ያሳያል። ባዶዎቹን ጣሳዎች ጠይቁ፤ በዚህ አገር የሚሸጥ የመዳብ ቀለም ሁሉ የኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) መመዝገቢያ ቁጥርና የመዳቡ መጠን በመቶኛ ተጽፎበት ነው የሚወጣው። ጀልባችሁ አሉሚኒየም ከሆነች ደግሞ መዳብ አያስነኳት፤ ብረቱን ይበላዋል።

በዚህ ፀደይ ከአናፖሊስ በስተደቡብ ባሉት ግቢዎች ያስቀባችሁ ካላችሁ፣ ጀልባችሁ ስትወጣ ከመታጠቧ በፊት ከተለያየ ቦታ ጥቂት ባርናክሎችን አንሱና ሥራቸውንም የተነሱበትንም ቦታ ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ አንሱት። እንደ እኛ አሮጌ ቀለም ካገኛችሁ ፎቶውንና ደረሰኛችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ አቤቱታውን ከማስገባታችን በፊት ከእኛው ጋር አብረን እናያይዘዋለን።