ሚዛናችንን ላዳነልን ልጅ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም የደብረ ብርሃንና የአካባቢዋ ወገኖቼ። ዛሬ የመጣሁት አንድ ሰው ላመሰግን ነው። ወፍጮም ይሁን ዘይት መጭመቂያ፣ የመኖም ይሁን የውሃ ማሸጊያ፣ ማሽን ያላችሁ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኛ ጠባሴ አካባቢ ዱቄት በ25 ኪሎ ከረጢት እያሸግን እናከፋፍላለን። የማሸጊያው ዲጂታል ሚዛን አበደብን። ቁጥሩ ዝም ብሎ ይዘላል። አንዱ ከረጢት ጎድሎ ይወጣል፣ ሌላው ሞልቶ ይፈሳል። ደብረ ሲና ያለ የዳቦ ቤት ደንበኛችን በራሱ ሚዛን መዝኖ ደወለ። «እትዬ፣ ከእርስዎ ይሄን አልጠበቅኩም» አለኝ። የዚያን ቀን እህል ባፌ አልዞረም። አባቴ መሃል ሜዳ በወፍጮ ቤት ነው ያሳደገን። ምራቂ ሳይጨምር ሰው ሸኝቶ አያውቅም። የእሱ ልጅ ሚዛን ሰራቂ ልትባል!

ከዚያ የባለሙያ መከራ መጣ። ስም አልጠራም። አንዱ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነድቼ መጣሁ ብሎ የመንገዱንም የአልጋውንም አስከፈለ። ፓኔሉን ከፍቶ አየት አደረገና «ካርዱ ተቃጥሏል» አለ፣ የሚዛኑን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ማለቱ ነው። በውድ ዋጋ አዲስ ካርድ አስገዛን። ምንም ለውጥ የለም። ሌላው «ሎድ ሴሉ ነው» ብሎ፣ ክብደቱን የሚለካውን የሚዛኑን ክፍል ማለቱ ነው፣ ቀብድ ከተቀበለ በኋላ ስልኩን ዘጋ። አንዱ ደግሞ ጥያቄ ስጠይቀው «ለባለቤትሽ አስረዳዋለሁ» አለኝ። ማሽኑን ተበድሬ የገዛሁት እኔ ነኝ! አሁንም ሳስታውሰው ያቃጥለኛል።

በመጨረሻ ጎረቤታችን ያለው የእንጨት ሥራ ባለቤት ይሄን ልጅ ጠቆመኝ። ገና ወጣት ነው። ካቻቢቴ እንኳን ሳያወጣ ከረጢት የምትሞላዋን ልጅ ጠራት። «እህቴ፣ መቼ መቼ ነው እንዲህ የሚሆነው?» አላት። ያን ሁሉ ጊዜ እሷን የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። «ትልቁ ሞተር ሲነሳ ነው» አለችው።

ሞተሩን አስጠፋ። ቁጥሩ ቀጥ አለ። አስነሳው። ዘለለ። በቃ፣ ችግሩ ተገኘ።

የኬብሉን መሄጃ ክዳን ሲያነሳ የሚዛኑ ቀጭን ኬብል ከሞተሩ ወፍራም ኬብል ጋር አብሮ ታስሯል። የሚዛኑን ልባስ በምላጭ ገፈፈና አሳየኝ። ከውስጥ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ቀጭን ሽቦ አለ። ሺልድ የሚሉት፣ ኬብሉን ከውጭ ረብሻ የሚከላከለው እሱ ነው። መጀመሪያ የገጠሙት ሰዎች ጫፉን ቆርጠው በናስትሮ ጠቅልለውታል። ከኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት ከሚወርደው መስመር ጋር ካልተገናኘ ደግሞ ሥራውን በትክክል አይሠራም አለኝ። ሞተሩ የሚሠራው በ380 ቮልት ነው። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚልክ ኬብሉ ዙሪያውን ይረብሻል። ከሚዛኑ የሚመጣው ምልክት ግን የሚለካው በሚሊቮልት፣ በቮልት አንድ ሺኛ ነው። እንዴት አይረበሽ?

የሚዛኑን ኬብል ለብቻው በሌላ መንገድ ወሰደው። መገናኘት ግድ በሆነበት ቦታ ጎን ለጎን ሳይሆን አቋርጠው እንዲያልፉ አደረገ። ለሞተሩም ሺልድ ያለው ኬብል ዘረጋለት። ሺልዱን ዙሪያውን በብረት ማሰሪያ ጥርቅም አድርጎ ከፓኔሉ ኧርዝ ጋር አሰረው። የሞተሩ በሁለቱም ጫፍ፣ የሚዛኑ ግን በአንድ ጫፍ ብቻ የሚታሰርበትን ምክንያት ነግሮኝ ነበር። እሱ እንኳን አልገባኝም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። «ተቃጥሏል» የተባለውን አሮጌ ካርድ ከመሳቢያ አስወጣኝና መልሶ ገጠመው። ሠራ! «እትዬ፣ ይሄ ጤነኛ ነው። አዲሱን ለመጠባበቂያ ያስቀምጡት» አለኝ። ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር? የተረፈውን ቁራጭ ኬብል ሳይቀር ጠቅልሎ አስረከበኝ። የኬብሎቹ ጫፍ ላይ በአማርኛ «ሚዛን»፣ «ሞተር» ብሎ ለጠፈባቸው፣ ልጆቹ እንዲያውቁት። ያስከፈለኝም የላቡን ዋጋ ብቻ ነው።

አሁን ሞተሩ እየሠራ 25 ኪሎ ማለት 25 ኪሎ ነው። የደብረ ሲናው ደንበኛችንም ተመልሷል። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር እጅህን ይባርክልኝ። ወልደህ ሳም።

ወገኖቼ፣ ከጫጫ እስከ ሸዋ ሮቢት ሚዛን ወይም ሴንሰር ያስቸገራችሁ ሁሉ ይሄን ልጅ ጥሩት። ስሙን አደባባይ ላይ እንዳላወጣው ለምኖኛል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ብቻ እባካችሁ ካርድ ግዙ ሲሏችሁ ከመግዛታችሁ በፊት እሱ ይይላችሁ።