ከድልድዩ ማዶ ያለው እርሻ፦ ኦክሰን ሂል ፋርምን ጎብኝተን

በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የፖቶማክን ወንዝ በዊልሰን ድልድይ ተሻግረን ወደ ሜሪላንድ ስንገባ በስተግራ የምናልፈው ኮረብታ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የሚያስተዳድረውና መግቢያው ነፃ የሆነው አነስተኛ የእርሻ ሙዚየም፣ ኦክሰን ሂል ፋርም የሚገኝበት ነው። ለዓመታት ሳንገባበት ማለፋችን ይቆጨኛል።

ልጆቼን ይዤ የሄድኩት ላም ስትታለብ እንዲያዩ ነበር፤ ሁለቱም ወተት ከፕላስቲክ ዕቃ ሲቀዳ እንጂ ከግት ሲወርድ አይተው አያውቁም። አስጎብኚዋ የጥገቷን ግት በጨርቅ ጠርጋ ካበቃች በኋላ፣ ጡቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከላይ ያዝ አድርጎ የቀሩትን ጣቶች በተራ እያጠበቁ መጭመቅ እንጂ መጎተት እንደማያስፈልግ በእርጋታ አሳየቻቸው። ልጄ በሦስተኛው ሙከራዋ ያወጣችው ቀጭን ወተት የባልዲውን ጎን ሲመታ የሰማሁት ድምፅ፣ እናቴ ጥጃው ጥቂት እንዲጠባ ካደረገች በኋላ በግሬራ ስታልብ ከማውቀው የተለየ ነበር። ቆርቆሮው ይጮኻል፤ ግሬራ ግን ድምፁን ይውጠዋል። የአዛባውና የድርቆሹ ሽታ ግን ያው ነው።

ከጋጣዎቹ መካከል እ.ኤ.አ. በ1830 አካባቢ በጡብ የተሠራው ይገኝበታል። በዚያው ዘመን የተሠራው ምድር ቤት ደግሞ ሥራ ሥር ሰብሎች በክረምት ውርጭ ሳይመታቸው፣ በበጋ ሙቀት ሳያበላሻቸው የሚቆዩበት ስለነበር፣ እህል በጉድጓድ ሲቀመጥ ያየ የገጠር ልጅ አሠራሩን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አብዛኛው ጎብኚ ከእንስሳቱ ጋር ቆይቶ ይመለሳል። እኔ ግን ኮረብታው ላይ ያለውን ማውንት ዌልቢ የተባለውን ቤት ሳያዩ መሄድ ትልቅ ጉድለት ነው እላለሁ። ቤቱ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የደቡትስ ቤተሰብ መኖሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1814 የእንግሊዝ ጦር ዋሽንግተንን ሲያቃጥል የቤቱ እመቤት ሜሪ ደቡትስ፣ በተኩሱ ቤታቸው ይንቀጠቀጥ እንደነበርና የከተማዋ ቃጠሎ ብርሃን እስከ እነርሱ ይደርስ እንደነበር ለእህቷ ጽፋለች። ይህ ቤተሰብ በምቾት የኖረው ማሳውን በባርነት የተያዙ ሰዎች ያርሱለት ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ደግሞ ቦታው የቅድስት ኤልሳቤጥ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል እርሻ ሆነ፤ ሕሙማኑ የግብርና ሥራን እንደ ሕክምና እየሠሩ ለሆስፒታሉ ምግብ ያመርቱ ነበር። ለእኔ የሙዚየሙ ዋና ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ ላሟንና ጋጣውን ብቻ ሳይሆን፣ መሬቱ ያፈራው በእነማን ጉልበት እንደነበረ ጭምር እንድናስብ ያደርገናል። ልጆቼ ስለ ባርነት የጠየቁኝን በሙሉ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጠን ተነጋገርንበት።

እርሻው ወደ ፓርኮች አገልግሎት የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ1959፣ ለሕዝብ የተከፈተው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በመስታወት የተከለሉ ዕቃዎችንና ረጃጅም ጽሑፎችን የሚፈልግ ሰው እዚህ ብዙ አያገኝም። ለመሄድ የምታስቡ ጭቃ የሚችል ጫማ አድርጉ፤ ላም ማለብ መኖር አለመኖሩንና ሰዓቱን ቀደም ብላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ቢያንስ ግማሽ ቀንም ያዙለት።