አራት ኪሎ ያለችው ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት

ላፕቶፔ አብዶ ነበር። ክሮምን ስከፍት በጎግል ፈንታ የማላውቀው መፈለጊያ ድቅን ይላል። ባስተካክለውም ተመልሶ ይመጣል። መጀመሪያ ያሳየሁት ባለሙያ «ፎርማት ነው መፍትሄው» አለኝ፤ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። የልጄ ፎቶዎች እኮ አሉበት!

አራት ኪሎ ያለው ልጅ ግን ጠየቀኝ፦ «እህቴ፣ ሰሞኑን በነጻ ያወረድሽው ፕሮግራም አለ?» ነበር፤ የፒዲኤፍ መቀየሪያ። «ኔክስት፣ ኔክስት» እያልኩ ክሮም ላይ የሚቀጠል ኤክስቴንሽን የሚባል ተጨማሪ ነገርም አብሬ ጭኛለሁ። ፕሮግራሙን አራገፈ፣ ኤክስቴንሽኑን አጠፋ፣ ክሮምን ሪሴት አደረገ፤ ወደ መጀመሪያው ቅንብሩ መለሰው። ዴስክቶፕ ላይ ያለው የክሮም ሾርትከት (መክፈቻ ምልክት) ውስጥም የዚያ መፈለጊያ አድራሻ ተቀጥሎ አገኘ። ለካ የሚመላለስብኝ በዚያ ነው! ፎርማት የሚባል ነገር አላነሳም። ፓስወርዶቼንም በስልኬ እንድቀይር መከረኝ።

300 ብር ከፈልኩ፤ አልቆጨኝም። ወንበር ግን የላቸውም፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ነው የጠበቅኩት።