ማርሽ ሲገባ የሚመታ አውቶማቲክ መኪና፦ የሞተር ድጋፍ ጎማው ነው ወይስ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ)?

ብዙ ኪሎ ሜትር የተነዳ መኪና ከፒ (ማቆሚያ) ወደ ዲ (ወደፊት) ወይም ወደ አር (ወደኋላ) ሲዘዋወር ቢመታ፣ ሰው ሁሉ ካምቢዮውን ይኮንናል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ሞተሩንና ካምቢዮውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዙትን የጎማ ድጋፎች ነው፤ ለመመርመርም ለመቀየርም ይቀላሉ።

የድጋፉ ጎማ ሲሰነጠቅ ማርሹ ሳይዘገይ ይገባል፤ የሚሰማው ግን የብረት ግጭት የሚመስል ድምፅ ነው። ሞተሩ ቢቀዘቅዝም ቢሞቅም ብዙም አይለወጥም። ኮፈኑን ከፍታችሁ፣ የእጅና የእግር ፍሬን በደንብ ተይዞ ረዳታችሁ ማርሽ ሲቀያይር ከጎን ተመልከቱ (ከመኪናው ፊት ፈጽሞ አትቁሙ)። ሞተሩ ብድግ ካለ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ይቻላል።

ካምቢዮው ሲታመም ማርሹ አንድ ሁለት ሰከንድ ይዘገይና ድንገት ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ በጉዞ ላይም ከ1ኛ ወደ 2ኛ ሲሸጋገር ይንገጫገጫል። ዘይቱን በአምራቹ መመሪያ መሠረት ለኩ። ከጎደለ የሚፈስበትን ቦታ ፈልጉ። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ግን የውስጥ ክላቾቹ ሳይበሉ አልቀሩም፤ ያለቀ ክላች ደግሞ በአዲስ ዘይት አይድንም።

ሁለቱንም ከመወንጀላችሁ በፊት የሞተሩን ዙር እዩ። ሞቆ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ በደቂቃ ከ1000 በላይ የሚዞር ሞተር ጤነኛውን ካምቢዮ እንኳ ያስመታዋል።