ቤዝቦል ሪፈረንስ፦ 2.91 እና 2.93 የማይተካከሉበት ገጽ

የቤዝቦል ወርዋሪው የቦብ ጊብሰን የሙያ ዘመን ኢአርኤ 2.91 ነው፤ የሌላው ወርዋሪ የፔድሮ ማርቲኔዝ 2.93። ኢአርኤ የተከላካዮች ስህተት ሳይታሰብ በየ9 ኢኒንጉ (የጨዋታው ዙር) ወርዋሪው ላይ የሚቆጠረው ነጥብ ማለት ነው፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። እዚህ ላይ የቆመ ሰው ጊብሰን ለጥቂት ይበልጣል ይላል። ቤዝቦል ሪፈረንስ ድረ ገጽ ላይ የሁለቱን ሰንጠረዥ ወደ ቀኝ ገፋ አድርጎ ኢአርኤ ፕላስ የሚለውን ዓምድ ያየ ግን 127 እና 154 ያገኛል። ገጹን ወርዋሪዎችን ለማነጻጸር ተመራጭ ያደረገው ይህ አንድ ዓምድ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የሊጉ አማካይ ኢአርኤ ለወርዋሪው ኢአርኤ ይካፈልና በ100 ይባዛል፤ ከዚያ ለሚጫወትበት ሜዳ ይስተካከላል። 100 የሊጉ አማካይ ነው። ማርቲኔዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ለቦስተን 217 ኢኒንግ ወርውሮ 42 ነጥብ ተቆጠረበት፦ 42 በ9 ሲባዛ 378፣ ለ217 ሲካፈል 1.74። የዚያ ዓመት የአሜሪካን ሊግ አማካይ 4.91 ነበር፤ ለ1.74 ቢካፈል 282 ይሰጣል። ገጹ ላይ ያለው ግን 291 ነው። ጭማሪው የቦስተን ሜዳ የፌንዌይ ፓርክ ድርሻ ነው፤ ሜዳው ለመቺዎች ያደላል። በዚያ ዓመት በሊጉ ሁለተኛ የወጣው ሮጀር ክሌመንስ 3.70 ላይ መቅረቱን ስታዩ 291 የተጋነነ አይመስልም።

ጊብሰን በ1968 ያስመዘገበው 1.12 ነበር፤ ኢአርኤ ፕላሱ 258። ያኔ የናሽናል ሊግ አማካይ ራሱ 2.99 ነው፤ ዘመኑ የወርዋሪዎች ነበር። በማግስቱ ዓመት የመወርወሪያው ጉብታ ከ15 ወደ 10 ኢንች ዝቅ እንዲል የተደረገውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ የማርቲኔዝ 1.74 ከጊብሰን 1.12 ይሻላል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ይህን ክርክር በሁለት ደቂቃ የሚያስጀምር ሌላ ገጽ ማግኘት ይከብዳል።

ችግሩ የሚጀምረው ሰንጠረዡን በሲኤስቪ ፋይል አውርዳችሁ ኤክሴል ላይ ስትከፍቱት ነው። ኢኒንግ ላይ ያለው ነጥብ አስርዮሽ አይደለም፦ 10.2 ማለት አሥር ኢኒንግና ሁለት ሦስተኛ ነው። በዚህ ያህል ኢኒንግ 4 ነጥብ የተቆጠረበት ወርዋሪ ትክክለኛ ኢአርኤው 3.38 ሆኖ ሳለ ኤክሴል 3.53 ይላችኋል። .1ን ወደ .333፣ .2ን ወደ .667 ሳትቀይሩ ምንም አትደምሩ።

ሁለተኛው ወጥመድ በዓመት አጋማሽ ቡድን የቀየረ ሰው ነው። ራንዲ ጆንሰን በ1998 ለሲያትል 160፣ ለሂውስተን 84.1 ኢኒንግ ወርውሯል። ገጹ ሁለቱን ለየብቻ፣ ድምሩን 244.1 ደግሞ በሌላ መስመር ያስቀምጣል። ሦስቱንም የደመረ 488.2 አግኝቶ ይደነግጣል።

ሌላው የዓመታቱን ኢአርኤ ፕላስ ደምሮ ለዓመታቱ ብዛት ማካፈል ነው። አማካዩ 4.00 በሆነ ሊግ፣ በእኩል ኢኒንግ አንዱን ዓመት 2.00 ሌላውን 4.00 የጨረሰ ወርዋሪ 200 እና 100 ይኖረዋል፤ የሁለቱ ዓመት ግን 133 እንጂ 150 አይደለም። የሙያ ዘመኑን ገጹ ራሱ በሰንጠረዡ ግርጌ አስልቶ ስላስቀመጠው እሱን ውሰዱ።

የማሪያኖ ሪቬራ የሙያ ዘመን ኢአርኤ ፕላስ 205 ነው። ከማርቲኔዝ በላይ ነው ከማለታችሁ በፊት የኢኒንጉን ዓምድ እዩ፦ 1283.2 ከ2827.1 ጋር። በጨዋታ አንድ ኢኒንግ ሙሉ ኃይሉን የሚያወጣ ጨዋታ ዘጊ ወርዋሪና ጨዋታውን ጀምሮ ሰባት ኢኒንግ የሚዘልቅ ወርዋሪ አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም፤ ዓምዱ ይህን አይለይም።

የተጫዋቾቹ ገጾች በነፃ ይከፈታሉ፤ ማስታወቂያ ግን አለ፤ ሰፊው ሰንጠረዥም በስልክ አይመችም። «ከ2000 ኢኒንግ በላይ፣ ከ140 በላይ» ብሎ አጣርቶ መፈለግ ለሚፈልግ ስታትሄድ የሚባለው አገልግሎታቸው አለ፤ እሱ በክፍያ ነው። አንድን ሰው ከሊጉ ጋር ለማነጻጸር ብቻ ከሆነ አያስፈልግም። ፋንግራፍስ የተባለውን ሌላ የቤዝቦል ስታቲስቲክስ ድረ ገጽ አብሮ የሚጠቀም ሰው ደግሞ እዚያ ያለው ኢአርኤ ማይነስ መሆኑን ልብ ይበል፦ በእሱ ከ100 በታች ነው ጥሩው።