ሮዳጁ «ጋራዥ ውስጥ አልቋል» ተብሎ ስለሚሸጥ ባለ ሱፐርቻርጀር ሞተር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ባለመኪኖች ማስጠንቀቂያ

ሞተር አውርዳችሁ ልታሳድሱ ላሰባችሁ የደሴ፣ የኮምቦልቻና የአካባቢው ባለመኪኖች ይህን የምጽፈው፣ በአንዳንድ ጋራዦች የሚቀርብ አንድ ዓይነት ውል ከመፈረማችሁ በፊት ቆም ብላችሁ እንድታስቡ ነው። ውሉ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አድሰን፣ ሱፐርቻርጀር ገጥመን፣ ሮዳጁንም፣ ማለትም አዲስ የተሠራ ሞተር ክፍሎቹ እንዲላመዱ የሚደረግበትን ማለማመጃ፣ እዚሁ ጨርሰን እናስረክባለን፤ በማግስቱ ጭናችሁ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት መውጣት ትችላላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተስፋዎች በባለሙያው እጅ የሚወሰኑ እውነተኛ ሥራዎች ናቸው። ሦስተኛው ግን የሌለ ዕቃ መሸጥ ነው።

ፍላጎቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ አየር በራሱ የሚስብ ሞተር ዳገቱን ገና ሳይጀምር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ከክራንክ ሻፍት (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) በቺንጋ ኃይል እየወሰደ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባው ሱፐርቻርጀር የጎደለውን ይመልሳል፤ ስለዚህ ዕቃው ራሱ ማታለያ አይደለም።

አዲስ የተሠራ ሞተር ሲነሣ ፋሻዎቹ፣ ማለትም ፒስተኑን የከበቡት የብረት ቀለበቶች፣ እና የሲሊንደሩ ግድግዳ ገና አልተላመዱም። ግድግዳው ላይ በሆኒንግ (በሞረድ ድንጋይ በማሻከር) ሆን ተብለው የተተዉ የተጠላለፉ ጭረቶች አሉ፤ ጭረቶቹ ዘይት ይይዛሉ፣ ፋሻውም በጫፎቻቸው ላይ እየተፋጨ ቅርጹን ከግድግዳው ጋር ያስማማል። ፋሻውን ወደ ግድግዳው አጥብቆ የሚገፋው በዋነኛነት ነዳጁ ሲቃጠል ከጀርባው የሚገባው የጋዝ ግፊት ነው፤ ይህ ግፊት በበቂ መጠን የሚገኘው ደግሞ ሞተሩ ሸክም ሲሰማው ብቻ ነው። ጋራዥ ውስጥ ሌሊቱን ያለ ሸክም በሚኒሞ (በዝቅተኛ ዙር) ሲያጉረመርም ያደረ ሞተር ሰዓት ቆጠረ እንጂ ሮዳጅ አልሠራም። እንዲያውም ፋሻው በደንብ ሳይገፋ ስለሚቆይ ዘይቱ ግድግዳው ላይ እየተጋገረ ልሙጥ ሽፋን ይፈጥራል፣ ከዚያ በኋላ ፋሻው የሚፋጭበት ሻካራ ነገር አያገኝም፤ ባለቤቱም ዘይት የሚበላና ሰማያዊ ጭስ የሚተፋ «አዲስ» ሞተር ይዞ ይቀራል። ገዢው ግን ያንን ሌሊት እንደ ትልቅ ትጋት ያየዋል፣ ይከፍልበታልም።

ለእውነት ስል ሁለት ነገር ልጨምር። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት የሚገፋቸው ተንሸራታች ታፔቶች ያሏቸው የቆዩ ሞተሮች እንደተነሡ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ላይ እንዲሠሩ ይደረጋል፤ ይህ ትክክል ነው፣ ነገር ግን የካም ሻፍቱ ማለማመጃ እንጂ የፋሻው አይደለም። ሞተርን ሸክም አሸክሞ የሚፈትሽ ዳይኖ ያለው ጋራዥ ካለ ደግሞ ሮዳጁን በእርግጥ እዚያው ማስኬድ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ዳይኖው የት አለ?» ይሁን።

ሱፐርቻርጀር ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። የታመቀ አየር ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፋሻውም በሙቀቱ ይረዝማል። በዚህ ምክንያት በፋሻው ሁለት ጫፎች መካከል የሚተወው ክፍተት ከመደበኛው ሰፋ ማለት አለበት፦ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ሲሊንደር በተለመደው ሞተር 0.40 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሚሆነው ክፍተት፣ ለታመቀ አየር ወደ 0.60 ይጠጋል፤ የመጨረሻውን ልክ የሚወስነው የፒስተኑ አምራች ነው። የአንድ ጎረቤቴ የቤንዚን ፒክአፕ «አብሽሩ ጋሼ፣ ሮዳጁ እኛው ጋ አልቋል» ተብሎ ተሰጥቷቸው ሐረጎ ላይ ጉልበቱን ጥሎ ቆመ። ሌላ ባለሙያ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) አንሥቶ ፒስተኑን ሲያወጣ አጠገቡ ነበርኩ። የላይኛው ፋሻ ሁለት ጫፎች ተወልውለው ያብለጨልጩ ነበር፤ እርስ በርስ ካልተጋጩ እንዲያ አይሆኑም። ፋሻው ረዝሞ መሄጃ ሲያጣ የተቀመጠበትን የፒስተን ቦይ ጠርዝ ቆርሶታል። ክፍተቱ በተለመደው ልክ ተትቷል፣ ወይም ከነጭራሹ አልተለካም። የመጀመሪያው ጋራዥ መልስ «አነዳድዎ ነው» የሚል ሆነ። «ሮዳጅ ተጠናቋል» የሚለው ሐረግ በውሉ ላይ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ አንዴ ከተፈረመበት በኋላ የሚደርሰው ጉዳት ሁሉ የሾፌሩ ጥፋት ይሆናል።

ትክክለኛው አካሄድ ይህን ያህል የረቀቀ አይደለም። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የዘይት ግፊት እንዲሞላ ይደረጋል፤ የሚሞላውም ሲንተቲክ ያልሆነ ተራ የማዕድን ዘይት ነው። የታመቀ አየር በዚህ ጊዜ አይፈለግም። ሱፐርቻርጀሩ ሴንትሪፉጋል (አየሩን በሚሽከረከር ጎማ የሚገፋው ዓይነት) ከሆነ ቺንጋው ወልቆ የአየር ቱቦው በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሊገናኝ ይችላል፤ ሩትስ (አየሩን በሁለት ተጣማሪ ተሽከርካሪዎች የሚያስገባው ዓይነት) ከሆነ ግን አየሩ የሚያልፈው በራሱ ውስጥ ስለሆነ ቺንጋውን ማውለቅ ሞተሩን ያፍነዋል፣ እዚህ ላይ የሚያስፈልገው የአየር መመለሻ ቫልቩ መሥራቱን አረጋግጦ ፔዳሉን በልክ መርገጥ ነው። ከዚያ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው ረባዳ መንገድ ላይ ያለ ጭነት ከ40 ወደ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቀስ ብሎ መጨመር፣ እግርን አንሥቶ በማርሽ እንዲበርድ መተው፣ ይህንኑ ደጋግሞ ማድረግ ነው። ሲጨመር ግፊቱ ፋሻውን ይገፋል፣ ሲለቀቅ ደግሞ ግድግዳው በዘይት ይታጠባል። ከመጀመሪያው አጭር ጉዞ በኋላ ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየራሉ፤ ፊልትሮው ተቀዶ የብረት ብናኝ እንዳለበት ይታያል። 800 ኪሎ ሜትር አካባቢ እንደገና ይቀየራል፤ ነዳጁና የብልጭታው ጊዜ ተስተካክሎ የሱፐርቻርጀሩ ሙሉ ግፊት የሚሰጠው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለዚህ ውል ስትዋዋሉ የፋሻው ክፍተት፣ የፒስተኑና የሲሊንደሩ ልክ፣ የቤንዚን ሞተር ከሆነም የመጭመቂያ ሬሾው በቁጥር ተጽፎ ይሰጣችሁ፤ የቶርኖ ቤቱን ደረሰኝና የወለቁትን አሮጌ ዕቃዎች ተረከቡ። ከክፍያው ዳጎስ ያለውን ድርሻ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ኮምፕረሽን (እያንዳንዱ ሲሊንደር አየር የሚያምቅበት ግፊት) እስኪለካ ድረስ አቆዩት። በልኬቱ ጊዜ አንድ የሚያወዛግብ ነገር አለ፦ ደሴ ላይ መለኪያው (ጌጁ) በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ካለው ቁጥር በሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ቢያሳይ የአየሩ ጠባይ ነው፣ ሞተሩ ሞተ ማለት አይደለም። መመርመር ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ ካነሰ ማብራሪያ ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰባችሁ ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል፤ ይህን መብት በተግባር ለመጠቀም ግን በእጃችሁ ያለው ወረቀት ወሳኝ ነው።

እንዲህ ያለውን ሞተር ቀድማችሁ የተረከባችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ የሱፐርቻርጀሩን ግፊት አቋርጡ፣ ዘይቱን ለውጡ፣ ፊልትሮውን ቀዳችሁ እዩ፣ ከላይ እንደተጻፈው ሮዳጁን ከመጀመሪያው አስኪዱት። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ ሰማያዊው ጭስ ካልቀነሰ ግድግዳው ልሙጥ ሆኗልና እንደገና ሆኒንግና አዲስ ፋሻ ያስፈልገዋል፤ ያንን ከማሠራታችሁ በፊት ግን የመጀመሪያው ጋራዥ ባለበት፣ ምስክር አስቀምጣችሁና ፎቶ አንሥታችሁ ሞተሩን አስከፍቱት።